ባዶ ነው የተባለው ወንበር

እፀገነት ደብዳቤውን የከፈተችው ዓርብ ረፋድ ላይ፣ በአማን ከተማ፣ ጀበል አል-ሁሴን ሰፈር፣ ከነጃት ጋር በተከራየችው ክፍል ውስጥ፣ የአልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነው። ፖስታው ስምንት ቀን ሙሉ ሳይቀደድ ከትራሷ ስር ከርሟል። እንደተዘጋ ልትመልሰው አስባ ነበር። ግን ከእንግሊዝ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ በእሷ እጅ ተነቦ፣ በግልጽ ፊደል ተገልብጦ ነበር ለአሠሪዋ ልጅ ለፈይሰል የሚደርሰው። ሥራን በጅምር ትቶ መሄድ አልለመደባትም። ይህንንም እንደ ቀሪ ሥራ ቆጥራ ቀደደችው።

ጸሐፊው በወጣትነቱ የጦር ጄቶችን ወንበር ሲጠግን የኖረ፣ አሁን ሰማንያ አራት ዓመት የሞላው እንግሊዛዊ ጡረተኛ ነው። ሁልጊዜ ስለ አየሩና ስለ ጉልበቱ ሕመም ሳያወራ ወደ ጉዳዩ አይገባም ነበር። አሁን ግን ሰላምታ እንኳ አልጻፈም።

«የላክልኝን የወንበሩን ፎቶግራፎች በአጉሊ መነጽር ደጋግሜ አየኋቸው» ይላል። «የሸጠልህ ሰው ባዶ ነው ካለህ ተሳስቷል። ባሩዱ አሁንም ውስጡ ነው። ሃምሳ ዓመት የከረመ ባሩድ ምን እንደሚያደርግ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከሱ ጋር ብኖርም፣ እኔም አላውቅም። ባለሙያ መጥቶ እስኪያወጣው ድረስ ማንም አይቀመጥበት። ቀይ ጥብጣብ የተንጠለጠለባቸውን ሦስቱን ፒኖች ደግሞ ማንም እንዳይነካቸው። እሳቱን የያዙት እነሱ ብቻ ናቸው።»

ከዚያ በታች ፒኖቹ የሚሰኩበትን ቦታና ተራ የሚያሳይ ሥዕል በእርሳስ ሠርቷል።

እፀገነት ቀና አለች። ሦስቱ ፒኖች ከራስጌዋ፣ ከመስኮቱ ብረት ላይ ተንጠልጥለዋል። ጥብጣቦቻቸው ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ እንደ አዲስ ቀልተዋል።

ትናንት ማታ ከፈይሰል የመጣው መልእክት ስልኳ ውስጥ አለ። መልስ አልሰጠችውም፤ ግን በቃሏ ይዛዋለች። «እናቴ በመጨረሻ እሺ አለች። ነገ ጁምዓን እዚያው ማርካ ሰግደን ወደ መጋዘኑ አመጣታለሁ። አባቴ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ትቀመጣለች። ስለ አንቺም እዚያው እነግራታለሁ።»

የክፍሉ መስኮት ክፍት ነበር። ከየኮረብታው የአዛን ድምፅ መሰማት ሲጀምር፣ ከአራት ዓመት በፊት የምታውቀው አንድ ብርድ ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ።

* * *

ከፈይሰል ጋር የተዋወቁት ረቢየህ ሰፈር በሚገኘው በእናቱ ቤት ነው። እፀገነት በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሰዓት እየታሰበላት የምታጸዳው ቤት ነበር። ኡም ፈይሰል የጦር አብራሪ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው በልብ ሕመም ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ንግግረ ቁጥብ ሴት ናቸው። የእፀገነት ስም ስለከበዳቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ጄኒ» አሏት፤ እሷም እንደ ሠራተኞች ሁሉ «መዳም» አለቻቸው። አንድ ልጃቸው ፈይሰል አርባ ዓመቱ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል፤ አላገባም። ያላገባበትን ምክንያት መዳም ለመጣው እንግዳ ሁሉ የሚያስረዱት በአንድ ቃል ነበር። «ቆርቆሮው» ይላሉ።

ቆርቆሮው ማርካ ውስጥ፣ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ፣ በመኪና ጋራዦች መካከል በተከራየው መጋዘን የተቀመጠ የጦር ጄት አፍንጫ ነው። ክንፍም ጅራትም የለውም። ከአብራሪው ወንበር በስተኋላ ተቆርጦ የቀረ፣ በብረት እግር ላይ የቆመ፣ ሀንተር የሚባል የእንግሊዝ ሥሪት ነው። የፈይሰል አባት በወጣትነታቸው እንዲህ ያለውን ያበሩ ነበር። ፈይሰል ያገኘው ከአንድ ቁራሌ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ወንበሩን በመዶሻ ኳ ኳ አድርጎ «ፋዲ» አለው፤ ባዶ ነው።

የዚያ ዘመን ጄት ወንበር እንዲሁ መቀመጫ አይደለም። አውሮፕላኑ በእሳት ሲያያዝ አብራሪው ከራሱ በላይ ያለውን እጀታ ከሳበ፣ ከጀርባው ያለው ባሩድ ተተኩሶ ከነወንበሩ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። መጋዘኑ ውስጥ ግን ሰማይ የለም። የብረት ጣሪያ ነው ያለው።

እፀገነት ወደዚያ የሄደችው ወለሉን ልትጠርግ ነበር። ፈይሰል የሚፈልገው ከቀለሙ ስር የተቀበረውን የአውሮፕላኑን ቁጥር ነው። አባቱ በበረራ መዝገባቸው ከጻፉት ቁጥር ጋር ከገጠመ፣ ይህ ራሱ አባቱ የተቀመጡበት ነው ማለት ነው። ለሦስት ዓመት በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ፣ ቀለሙን ከነቁጥሩ ሲያጠፋ ኖሯል። አንድ ቀን መጥረጊያዋን ተደግፋ ስታየው ቆየችና ዝም ማለት አቃታት።

«እንዲህ በጉልበት ከያዝከው የምትፈልገውም አብሮ ይሄዳል» አለችው።

ጥጥ በቲነር አርሳ፣ ሳትጫን፣ እየነካች እየተወች፣ ሽፋኑን በተራ አነሳችው። መጀመሪያ ነጩ ለቀቀ፤ ቀጥሎ አሸዋማው፤ ቀጥሎ አረንጓዴው። ለዚህ ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በመጨረሻ ከጥጡ ስር አንድ ጥቁር አሃዝ እንደ ጥላ ብቅ አለ።

«ሰባት ነው» አለች።

«አየሁት» አለ ፈይሰል። አላየውም ነበር። የሚያየው እሷን ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ «ሲት እፀገነት» ይላት ጀመር። በዚያ ከተማ ሲት፣ እመቤት፣ የሚባሉት አሠሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያሾፍባት መስሏት ተቀየመች። ስሟን ግን አንድ ፊደል ሳያጎድል ነበር የሚጠራው። መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲለማመደው እንደነበር የነገራት ቆይቶ ነው። አረብኛ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን አይለይም። እሷ ግን በልቧ ለወራት «እርስዎ» ስትለው ቆይታ፣ መቼ «አንተ» እንዳለችው አታውቅም። አንድ ቀን ስታስበው አልፋዋለች።

የሽማግሌው እንግሊዛዊ የእጅ ጽሑፍ ለፈይሰል አይነበብለትም ነበር። እሷ ጅማ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ተምራ ያስተማረች ሴት ናት። ስለዚህ የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ፣ ለክፍሏም ስለሚቀርብ፣ እሷ ዘንድ ቀረ። ጥያቄዎቹን እሷ ትጽፋለች፤ መልሶቹን እሷ ታነባለች። ከዚያ አልፎ ስለ ራሷ የነገረችው ጥቂት ነው። መምህር ነበርኩ ብላ፣ ከዚያ ያለውን ዘልላ፣ አማን መጣሁ አለች። እሱም የዘለለችውን አልጠየቀም። ያሸነፋትም ይኸው አለመጠየቁ ነበር።

የዛሬ አሥር ቀን፣ ማክሰኞ፣ ቁጥሩ ሙሉ ወጥቶ ከአባቱ መዝገብ ጋር ከገጠመ በኋላ፣ ወንበሩን እንድታጸዳ ነገራት። ከወንበሩ ላይ ሦስት ጥብጣቦች ተንጠልጥለዋል፤ በቅባት ከመጥቆራቸው የተነሣ ቀለማቸው አይለይም። በእሷ ሥራ ጨርቅ የሆነ ነገር ሁሉ ይታጠባል። ፒኖቹን በቲነር እያላላች አንድ በአንድ ነቀለቻቸውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሐሙስ ዕለት መልሳ ልትሰካቸው፤ ከዚያ ምንም ሳትናገር እሱ እስኪያያቸው ልትጠብቅ አስባ ነበር። አንዲት በሰዓት የምትሠራ ሴት ለአሠሪዋ ልጅ ሌላ ምን ስጦታ እንደምትሰጥ አላወቀችም።

ሐሙስ ግን እሷ እንዳሰበችው አልሆነም። በዋዜማው፣ ረቡዕ፣ ረቢየህ ቤት ውስጥ ደረጃውን ስታጥብ ፈይሰል ከውጭ ገባ፤ ከእጇም ሙሉውን ባልዲ ተቀብሎ ወጣላት። ሌላ ምንም አልሆነም። መዳም ከሳሎኑ በር ላይ ቆመው ነበር። በዚያ ቤት አንድ ወንድ የሠራተኛዋን ባልዲ ሲሸከም ማየት፣ ከመቶ ደብዳቤ የበለጠ ይናገራል።

ወጥ ቤት አስጠሯት። ሻይ ቀዱላት፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ልጃቸው ደግ እንደሆነ፣ ደግነቱ ግን ለእሷ ክፉ እንዳይሆን እንደሚፈሩ ነገሯት። ቤተሰብ እንዳለው፣ የአባቱ ስም እንዳለበት ነገሯት።

«ወረቀትሽ በሌላ ከፊል፣ በሌላ አሠሪ ዋስ ስም ነው» አሏት በመጨረሻ። «አንድ ስልክ ይበቃል። እንድደውል አታድርጊኝ።»

ስትወጣ ፈይሰል በረንዳው ላይ ቆሞ አየችው። እጁን አነሳላት፤ አልወረደም። ሥራ ጨርሳ የምትሄድ መስሎት እንደነበር ያን ጊዜ አላወቀችም። የሰማውና የተስማማበት መሰላት። በማግስቱ ሳጥኑ ውስጥ ደብዳቤ አገኘች፤ ይዛው ገባች፤ አልከፈተችውም። ሲደውል አላነሳችም። ከሁለት ቀን በኋላ የላከው መልእክት ደግሞ የባሰ ዝም አሰኛት።

«ጥብጣቦቹ የሉም። አንቺ እንደወሰድሻቸው ገባኝ። እባክሽ አትመልሻቸው። ከእኔ የሆነ አንድ ነገር አንቺ ጋ መኖሩን ሳውቅ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ያን ቀን ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። በሰውዬው ፍቅርና በሰውዬው ሞት መካከል የተንጠለጠሉትን ሦስት ጥብጣቦች እየተመለከተች፣ ደስ ብሏት ነበር።

* * *

ነጃት ፎጣ በራሷ ላይ ጠምጥማ ስትገባ እፀገነት ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«የት ልትሄጂ? ዛሬ እኮ ዑጥላ ነው፣ ሥራ የለም» አለች ነጃት።

«ማርካ።»

«ወደ ቆርቆሮው? አንቺ ልጅ፣ አባረውሽ አይደል እንዴ? ደግሞ ጁምዓ ደረሰ። ሰርቪስ ታክሲ የለም፤ ስልክ የሚያነሳ ወንድም የለም። እኔ ራሴ ሰውዬ ቢኖረኝ በዚህ ሰዓት አያነሳልኝም።»

እፀገነት ፒኖቹን ከመስኮቱ ብረት እያወረደች በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት። የነጃት ሳቅ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«የምትቀመጠው ሴትዮዋ ናት?» ብላ ጠየቀች። «ያቺ በስልክ ላስይዝሽ ያለችው?»

«አዎ። እሳቸው ናቸው።»

ሁለቱም ያንኑ አንድ ነገር አሰቡ፤ ማሰባቸውንም አንዷ ከሌላዋ ዓይን አነበበች። እፀገነት ዝም ብላ አልጋዋ ላይ ብትቀመጥ ማንም አይጠይቃትም። ደብዳቤው ተከፍቶ ያየው የለም።

«ሂጂ» አለች ነጃት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሂጂልኝ። እኔ መደወሉን አልተውም።»

የፈይሰል ስልክ ዝግ ነበር። መዳም ደግሞ ቁጥሯን ከዘጉባት ቆይተዋል። እፀገነት ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ መንገዱ ባዶ ነው፤ ከየመስጊዱ የሚወጣው የኹጥባ ስብከት ድምፅ በኮረብታዎቹ መካከል ተደራርቦ አንዱ ከአንዱ አይለይም። ሐብሐብ የጫነ ፒክአፕ አስቆመች። ሾፌሩ አዛውንት ነበሩ። ፊቷን አይተው ምንም ሳይጠይቁ በሩን ከፈቱላት፤ በመንገድ ላይም አንድ ጊዜ ብቻ «ሆስፒታል ነው?» አሏት። አይደለም አለች።

በመሐል አማን አጠገብ ሲያልፉ ሰዎች ከመስጊድ መውጣት ጀመሩ። እንደገና ደወለች። አሁን ይጠራል። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። ከመዘጋቱ ይልቅ ይህ ከበዳት። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር የጠራው፤ ያ ሌላው ስልክ፣ በዚያ በሌላው ቀን።

ማርካ ስትደርስ የፈይሰል መኪና ከመጋዘኑ ፊት ቆሟል። ስልኩ ከመሪው አጠገብ እየበራ ይጠራል። የምትደውለው እሷው ራሷ ነበረች።

* * *

በሩ ገርበብ ብሏል። መጋዘኑ ውስጥ፣ ከጣሪያው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ስር፣ ፈይሰል ካሜራውን ይዞ ቆሟል። ከላይ፣ በአብራሪው ቦታ፣ መዳም ተቀምጠዋል። ግራጫው እሻርባቸው፣ የራስ መሸፈኛቸው፣ ከራሳቸው በላይ ካለው ቢጫና ጥቁር እጀታ ጋር ተጠላልፏል። ሊያላቅቁት እጃቸውን ወደ ላይ ሰድደው ይስቃሉ። እፀገነት ሲስቁ አይታቸው አታውቅም።

«መዳም፣ እጅዎን ያውርዱ» አለች።

አልጮኸችም። ግን ሁለቱም ዞሩ። የፈይሰል ፊት በአንድ ጊዜ በራ፤ ስምንት ቀን የጠበቃት ሴት በገዛ እግሯ መጥታለታለች። ለእሱ የመጣች መስሎታል። ያንን ብርሃን በገዛ አፏ ማጥፋት ነበረባት።

«ወንበሩ ባዶ አይደለም» አለችው። «ባሩዱ አለ። ሽማግሌው ጽፏል። ያወጣኋቸው ፒኖች ናቸው የያዙት።»

ካሜራው ከእጁ ወርዶ በማሰሪያው ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ወደ መሰላሉ ሮጠ፤ በክንዷ አገደችው።

«አትውጣ። ያንተ ክብደት ያናውጠዋል። የመጀመሪያው ቀዳዳ ደግሞ ከኋላቸው ነው፤ እጅህ አያልፍም።»

«እናቴ ናት።»

«አውቃለሁ።»

ጫማዋን አውልቃ ወጣች። መሰላሉ በእያንዳንዱ ደረጃ ትንሽ ይነቃነቃል። መዳም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ፊት ለፊት ተክለው ይጠብቋታል። የእሻርቡ ጨርቅ ከአገጫቸው እስከ እጀታው ድረስ ተወጥሯል። አንገታቸውን ዘንበል ቢያደርጉ እጀታው ይከተላቸዋል።

«ይህን ማውለቅ አለብኝ» አለች እፀገነት።

መዳም በዓይናቸው እሺ አሉ። እፀገነት አገጫቸው ስር ያለችውን ስፒል ፈታች፤ ጨርቁን ከጆሯቸው፣ ከማጅራታቸው እየለቀቀች እዚያው እጀታው ላይ ተወችው። ከቤታቸው ውጭ ማንም ያላየው የሳሳ ነጭ ፀጉራቸው ወጣ። ከዚያ ግራ እጇን በጭንቅላታቸውና በወንበሩ ብረት መካከል ወዳለው ጨለማ አስገባች። ጉንጯ ከጉንጫቸው ጋር ሊነካካ ደረሰ። የምታጥብላቸው ልብስ ሽታ ሸተታት።

መዳም መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ከእሳቸው ጋር ብረቱም።

«አውሪኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ዝም ስትይ ይብስብኛል።»

«ምን ልንገርዎ?»

«ባል ነበረሽ። መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁት። ቀለበት በነበረበት ጣትሽ ላይ ሳሙናውን ቀስ ታደርጊያለሽ። እኔም እንደዚያ ነኝ።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «እንዴት ሞተ?»

የእፀገነት ጣቶች በጨለማው ውስጥ ቀዳዳውን እየፈለጉ ነበር። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለነጃትም። ከታች ለቆመው ሰውም።

«ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር» አለች። «ምሰሶው ላይ ሊወጣ ሲል መስመሩ ተቋርጧል አሉት። አልተቋረጠም ነበር።»

የመጀመሪያው ፒን ገባ።

«ነግረውት ነው የወጣው?»

«ነግረውት ነው። ምሳውን ሠርቼ ቤት እጠብቀው ነበር። ሲበርድብኝ ደወልኩለት። ስልኩ ይጠራል።»

ሁለተኛው ከጎን በኩል ነበር፤ ተራውን ከሥዕሉ አስታወሰች፤ አላስቸገራትም። መዳም ከዚያ በኋላ አልጠየቁም፤ መንቀጥቀጣቸውም እየቀነሰ ሄደ። የቀረው ከእጀታው ስር የሚሰካው ነው። ቀዳዳው በአሮጌ ቀለም ተደፍኗል። ፒኑን ስትገፋው እጀታው አብሮ፣ የፀጉር ያህል፣ ወደ ፊት ነቅነቅ አለ።

ቆመች።

ከታች ፈይሰል ስሟን ጠራ። ሲት አላለም። ስሟን ብቻ፣ ሙሉውን፣ አንድ ጊዜ። ቀለሙን በጥፍሯ፣ ሳትጫን፣ እየነካች እየተወች ፋቀችው፤ ጥፍሯ ተሰበረ፤ ቀጠለች። ከዚያ ፒኑን እንደገና ሰካችው። በትንሽ ድምፅ ገባ።

መዳም እግራቸው ደንዝዞ መቆም አቃታቸው። ፈይሰል ከመሰላሉ ጫፍ ተቀብሎ እንደ ሕፃን አቅፎ አወረዳቸው። እፀገነት ከአንገቷ ላይ ያለውን የራሷን ሻሽ ፈትታ በመዳም ፀጉር ላይ ጣል አደረገችላቸው። መዳም እጇን ያዙ። ለምስጋና ይሁን ለመደገፍ፣ አልለየችውም።

* * *

ከመጋዘኑ ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ፣ መዳምን መኪናው ውስጥ አስቀመጧቸው። ፈይሰል ለሚመለከታቸው ሰዎች ደውሎ ነገራቸው፤ ከሰዓት በኋላ ባለሙያ እንደሚልኩ፣ እስከዚያ በሩ ተቆልፎ ማንም እንዳይቀርብ አዘዙት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ወደ እፀገነት መጣ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

የሚለውን ሳይጀምር ቀደመችው። ቢያመሰግናት በኋላ መናገር እንደማትችል ታውቃለች።

«ደብዳቤው የደረሰኝ ዛሬ አይደለም» አለች። «ባለፈው ሐሙስ ነው። ተቀይሜህ ነበር፤ አልከፈትኩትም።»

ፈይሰል በልቡ ቀናቱን ሲቆጥር ከፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«በየቀኑ እዚያ ተቀምጬአለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ከክፍል ስወጣ። ስደውልልሽ የነበረው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው።»

ያን ሁሉ ጊዜ ስልኳ ሲጠራ፣ እሷም ሳታነሳ ስታዳምጠው፣ እሱ የት እንደነበረ አሁን አየችው።

መዳም ከመኪናው ወንበር ላይ ሆነው፣ ማንንም ሳያዩ ተናገሩ። «እኔ ባላባርራት በዚያው ቀን ታነበው ነበር» አሉ። ቆይተውም፣ «ይህን አልኩ ማለት እሺ አልኩ ማለት አይደለም» ሲሉ ጨመሩ።

ፈይሰል ጥቂት እርምጃ ወሰዳትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስለ ባልሽ ለእሷ ነገርሻት። ለእኔ ግን አልነገርሽኝም።»

«አንተ አልጠየቅከኝም።»

«እንዳላሳምምሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም እንዳትጠይቀኝ ብዬ ነው የወደድኩህ። አሁን ግን ሰምተኸዋል።»

ይህን ቃል እንዲህ ባለ ቦታ፣ በሁለት ጋራዥ መካከል፣ የሞተር ዘይት በፈሰሰበት መሬት ላይ ቆማ እናገረዋለሁ ብላ አስባ አታውቅም። ፈይሰል ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ እናቱን አስታወሰ፤ መለሰው። እጁ በአየር ላይ የቆየበት ያ አጭር ጊዜ ለእሷ በቃት፤ ደግሞም አስፈራት።

እናቱን ረቢየህ አድርሶ ይመለሳል። እሷ ከመንገዱ ማዶ ሆና በሩን ትጠብቃለች፤ የጋራዥ ሰዎች እንዳይገቡ ትነግራለች። በሩን በሁለት ቁልፍ ቆለፈ። ከዚያ ግን በስንጥቁ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ተመልክቶም ቆየ። ቁጥሩን አንዴ ብቻ ፎቶ ሳላነሳው፣ ባለሙያዎቹ ሲፈቱት ቢበላሽስ አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። እፀገነት ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ሥራቸውን የሚወዱ ወንዶች ሁሉ አላቸው። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ይላሉ።

«አትገባም» አለችው። «ስትመለስም አትገባም።»

«አልገባም።»

«ማልልኝ።»

ማለላት። መማሉም አላሳረፋትም።

መኪናውን አስነሣ። መዳም የእፀገነትን ሻሽ እንደተከናነቡ ፊት ለፊት ያያሉ። መስኮቱ ዝቅ ብሎ ስለነበር ጎንበስ አለችና፣ አፏ ላይ የመጣው ቃል ምን እንደሆነ ሳታስተውል ተናገረችው።

«ስትደርስ ደውልልኝ።»

ፈይሰል አያት። እሺ አለ፤ መኪናውም ወደ ዋናው መንገድ ታጥፎ ጠፋ።

ከመንገዱ ማዶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ይህን ቃል ለአራት ዓመት ለማንም አላለችም ነበር። የማንንም መድረስ ሳትጠብቅ ውላ ማደሯ ሰላሟ ሆኖ ቆይቷል፤ ሰላም መሆኑን ያወቀችው አሁን ሲለቃት ነው። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። ከማርካ ረቢየህ፣ በዓርብ መንገድ፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ሰዓቷን አየች፤ ወዲያውም ደግማ አየች።